ሰማያዊው ጨውና የሐጂው ስኳር

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው ብርጭቆ ሳሎኑ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ክር ጫፍ ላይ የታሰረች ጠጠር የምታህል ሰማያዊ ድንጋይ፣ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ታድጋለች። የኬሚስትሪ የቤት ሥራዋ ነው። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ ብርሃኑ በብርጭቆው አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፋል። እኔ ደግሞ ከኋላዋ እየተከተልኩ እጅሽን ታጠቢ፣ ወደ አፍሽ እንዳታስጠጊው፣ መርዝ ነው እያልኩ እጨቀጭቃታለሁ። ለአያቴ ሁሉም ነገር መርዝ ነው ብላ ለእናቷ ትከሰኛለች።

ይኼኛው ግን እውነትም መርዝ ነው። ኮፐር ሰልፌት ይባላል፤ የመዳብ ጨው ነው። የዋጠው ሰው አንጀቱ ይቃጠላል፣ ከበዛበትም ይሞታል። እኛ ላቦራቶሪ የምንሠራ ሰዎች ግን እንደ ባልንጀራ ነበር የምናየው፤ ያኔ አንድ ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚነግረን እሱ ነበርና። ኮፐር ሰልፌቱን ከሶዳና ከሌላ ጨው ጋር በውሃ ታሟሟዋለህ፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በቴስት ቲዩብ ትንሽ ትቀዳለህ፣ ጥቂት ጠብታ ሽንት ትጨምርበታለህ፣ በስፒሪት መብራት ላይ ታፈላዋለህ። ሽንቱ ስኳር ከሌለው ሰማያዊው እንደነበረ ይቀራል። ካለው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲብስ ቢጫ፣ በጣም ሲብስ ደግሞ የሸክላ ቀለም ይዞ ከታች ይዘቅጣል። ዛሬ ከጣት ጫፍ የተወሰደች ጠብታ ደም የምትናገረውን ያኔ የሚናገረው ቀለም ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ሙያዬን ጨርሼ ሆሳዕና ዳር ወደነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ስመደብ፣ ከተወለድኩባት ከሺንሺቾ ወጥቼ ብቻዬን አድሬ አላውቅም ነበር። አባቴ አስተማሪ ነው፣ አጥባቂ ካቶሊክ ነው፣ በዚያ ላይ ሰውን በቀላሉ የማያምን ነው። ራሱ ይዞኝ መጣና ከተማውን ሲያስስ ውሎ፣ በመጨረሻ ከድሮ ጀምሮ ጨርቅ ይሸጡለት ለነበሩ ሐጂ አስረከበኝ። ካቶሊኩ ሰውዬ ሴት ልጁን ሙስሊም ቤት አስቀመጠ ብለው አገር ቤት ያሙት አልጠፉም። አባቴ ግን ሐጂው ሰው ናቸው ብሎ ነገሩን ዘጋው። እውነቱን ነበር።

የሐጂውን ባለቤት የሰፈሩ ሰው ሁሉ አማ ነበር የሚላቸው። እናት ማለት ነው፤ በሀዲይኛም በከምባትኛም ያው ነው። የእሳቸው ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የእኔ ከምባትኛ፤ ስለዚህ የምንነጋገረው ሁለታችንም በተዋስነው አማርኛ ነበር። እሳቸው የሚጎድላቸውን ቃል በእጃቸው ይሞሉት ነበር። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው ስለነበር ቤቱ ውስጥ የቀረሁት ልጅ እኔ ሆንኩ። ሳላስበው እንደ ልጅ እቆጣና እንደ ልጅ እቀብጥ ጀመር።

አንድ ክረምት ሐጂው ለሽንት መመላለስ አበዙ፣ እግሬንም ይቆረጥመኝ ጀመር አሉ። የክሊኒካችን ኃላፊ፣ ከተማው ሁሉ ዶክተር የሚለው ጤና መኮንን፣ ካያቸው በኋላ የጠዋት ሽንት ይምጣልኝ አለ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ክሊኒክ ውስጥ ብልቃጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ሽሮፕ የታዘዘለት ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ ሽንት የሚያስመረምርም ከቤቱ ሞልቶ ያመጣል። ገበያተኛው መሐል ኩባያ አንጠልጥሎ ወደ ክሊኒኩ ሽንት ቤት መሄድ ለሐጂው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አማ በማግስቱ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል፣ ጠርሙሱን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ በቃጫ አስረው፣ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሰጡኝ። ለሠርግ የሚላክ ነገር ነበር የሚመስለው።

ክሊኒክ ደርሼ ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር አፈላሁት። አረንጓዴውንም ቢጫውንም ሳላይ በአንድ ጊዜ የሸክላ ቀለም ሆነ። ያን ያህል የቀላ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ደግሞም የሰውየውን እንጀራ እየበላሁ ነው። ጣፋጭ ነገር ይሸተኛል ብዬ ለኃላፊው ነገርኩት። ስኳር እኮ ነው፣ ታዲያ ምን እንዲሸት ፈልገሽ ነው አለኝ። ደጃፍ ላይ የተውኩትን ጠርሙስ ጉንዳን ሲወረው ደግሞ ማንም የሚጠራጠር አልቀረም።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው አስመረመርናቸው። ጠርሙሱ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ቱቦው ይቀላል። ሐጂው ማር ተከለከሉ፣ ቴምር ተከለከሉ፣ ሻይ ያለ ስኳር ሆነ። ቀጥሎም ኃላፊው ቆጮውንና ቡላውን አስቀነሰ። ሀዲያ አገር ለሚኖር ሰው ቆጮ ቀንስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስበው፤ ሌላ የሚበላ ነገር የለም ማለት ነው። ሐጂው ጎመን በጨው እየበሉ ከረሙ። አማ ጎመኑን በየዓይነቱ ይሠሩታል፤ አንድ ቀን ከትፈው፣ አንድ ቀን ቀቅለው። ሐጂው ግን ትንሽ ቀምሰው አልሐምዱሊላህ ይሉና ይነሳሉ። ያ ትከሻ ሰፊ ሰው ኮቱ እላዩ ላይ ተንጠለጠለ። ክሳቱ ደግሞ የበሽታው ምልክት ነው ተባለ።

የገበያው ሰው በእርግጥ ያዝናል፤ ግን መቀለዱንም አልተወም። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኮታ በሚታደልበት፣ አንዳንዴም ጭራሹን በሚጠፋበት ዘመን ነው። እኛ ለሻይ አጥተን ሐጂ በሆዳቸው ደብቀው ተገኙ፣ ቀበሌ ሳይሰማ ያካፍሉን ይሉ ነበር። ሐጂው ራሳቸው ይስቁ ነበር። የቤቱን ኮታ ለጎረቤት ልጆች ያድሉት ጀመር። አማ ግን በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ሲስቁ አላየሁም። ባላቸው ዓይናቸው እያየ እያለቀባቸው ነበር።

ረመዳን ሲቃረብ ኃላፊያችን ኢንሱሊን ከአዲስ አበባ አስመጣ። በላምባ በሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከልጆች ክትባት ጎን አስቀመጠው። መርፌው ከተጀመረ ጾም አይታሰብም ብሎ ሐጂውን በግልጽ አስጠነቀቃቸው። ሰውነታቸው ውስጥ ስኳር ሲያልቅ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ከዚያም ይሞታሉ። ሐጂው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ቤት ሲገቡ ግን ለአማ፣ መርፌውን እሺ እቀበላለሁ፣ ጾሜን ግን ማንም አይወስድብኝም ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ የማድረው ከግድግዳው ወዲህ ነው። ኃላፊው የማያውቀውን አወቅሁ፤ እንቅልፍም አጣሁ። መርፌ የሚወጋ ሰው ሳይበላ ቢውል ምን እንደሚሆን በደንብ አውቃለሁ። ልናድናቸው ስንል በገዛ እጃችን ልንገድላቸው ነው ብዬ ፈራሁ።

መርፌው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ኃላፊው የመጨረሻ ምርመራ ፈለገና ሐጂውን ከሱቃቸው አስጠራቸው። ወደ ቤት ልመለስና ይላክልሃል ቢሉም እሺ አላለም። እያጉረመረሙ የክሊኒኩን የቆርቆሮ ኩባያ ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ሲመለሱም በነጠላቸው ሸፍነው፣ ወደ እኔ ሳያዩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ወጡ።

አፈላሁት። ሰማያዊ ነው። ትንሽ ጨምሬ ደግሜ አፈላሁት። አሁንም ሰማያዊ፤ እንዲያውም ከሰማይ የጠራ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፈሳሹን ነው። ከአዲስ አበባ የሚላክልን አልቆ ስለነበር ያንን የሠራሁት በራሴ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ መምህር የራስ ቅል የተሳለበት ብልቃጥ ውስጥ ባስቀመጠልኝ ኮፐር ሰልፌት። ኮፐር ሰልፌቱ ረጥቦ ይሆን? ሶዳው አንሶ ይሆን? ስኳር በውሃ በጥብጬ ሞከርኩት፣ ወዲያው ቀላ። የራሴን ሽንት ሞከርኩት፣ ሰማያዊ ሆነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር የያዝኩት፤ ፈሳሹ ምንም አልሆነም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ከመጣው ሁሉ ይኼኛው በምን ይለያል ብዬ አሰብኩ። በአንድ ነገር ብቻ ነው የሚለየው፤ በአማ እጅ አላለፈም።

ለኃላፊው አሳየሁት። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ቤት ሄደሽ ስለ ጠርሙሱ እስክትጠይቂ ድረስ መርፌውን አልነካውም አለኝ።

ቤት ስደርስ አማ ለራት ጎመን ይከትፋሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጠርሙሱ በፊት የምን እንደነበር ጠየቅኋቸው። የዘይት ነበር፣ ግን በፈላ ውሃ ታጥቧል፣ በአሸዋ ታሽቷል አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ንጽህናቸው የታወቀ ነው። ከታጠበ በኋላስ ስላቸው ቢላዋቸው ቆመ። ፊታቸው ቀላ።

«ትንሽ ማር» አሉ።

«ማር? ለምን፣ አማ?»

«ይሸታላ። አንቺ ገና ያላገባሽ ልጅ ነሽ። ከእኔ ጋር ትበያለሽ፣ አማ ትይኛለሽ። የሽማግሌ ሽንት እንዲሁ እጅሽ ላይ ላስቀምጥ? አባትሽ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

በመጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው እንባዬ ቀደመው። ያን ሁሉ ጠዋት እኔ እንዳልጸየፍ፣ እንዳላፍር ብለው፣ የጠርሙሱን ከንፈር ማር እየቀቡ፣ ወደ ውስጥም እያንጠባጠቡ፣ እንደ እንግዳ ሲያከብሩኝ ኖረዋል። ባላቸው የተከለከሉትን ማር ለእኔ አፍንጫ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አክብሮኛል፤ እንደዚያ አድርጎ ያከበረኝ ግን የለም። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

የሰማያዊው ፈሳሽ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ማሩን ሲያገኝ ለምን እንደሚቀላ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ሐጂው ደህና ናቸው፣ ሽንታቸው ንጹሕ ነው፣ መመላለሱና ቁርጥማቱ የክረምት ብርድና የዕድሜ ነበር አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጎመኑን ትተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉና፣ «ታዲያ ያከሳሁት እኔ ነኛ» አሉ።

ሐጂው ከመስጊድ ሲመለሱ ልነግራቸው ስነሳ አማ አስቀመጡኝ። ራሳቸው ነገሯቸው፣ በሀዲይኛ። የኔ ሀዲይኛ ያን ያህል ባይሆንም ማር የሚለውን ቃልና የእኔን ስም ለየሁ። ሐጂው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ «የትኛው ማር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የዳምቦያው» አሉ አማ፤ ሐጂው ከሁሉ የሚወዱት ያ የከምባታ ማር ነበር።

«እኔ ጎመን ስግጥ የዳምቦያውን ማር ለጠርሙስ?»

ብለው በሳቅ ፈረሱ። ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ እውነተኛ ሳቃቸው ነበር። እኔም ሳቅሁ። አማ ግን በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከተማው ምን ይለኛል አሉ ከሻሹ ውስጥ፤ ባሏን በማር አሳመመች፣ በረሃብ ልትገድለው ነበር ይሉኛል፤ ገበያ ምን ፊት ይዤ እወጣለሁ? የተናገሩት ልክ ነበር። ሆሳዕና ያኔ ትንሽ ከተማ ናት፤ እንደዚህ ያለ ወሬ ከተገኘ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሐጂው ሳቃቸውን ቆረጡ። ባለቤታቸውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼን ማን ያውቃል?»

ከኃላፊው በቀር ማንም እንደማያውቅ ነገርኳቸው።

«እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ። አንቺ ግን ስሚኝ። እኔ ስኳር አለብኝ።»

«ሐጂ፣ የለብዎትም እኮ።»

«አለብኝ አልኩሽ። ሐኪሙ መርፌውን ትቶልኛል፣ ጾሙንም ፈቅዶልኛል። ስኳሩ ግን አለብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ክሊኒክ ሄዱ። ከኃላፊው ጋር በር ዘግተው ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲወጡ ሁለቱም ፈገግ ብለው ነበር። ኢንሱሊኑ በክትባት የበረዶ ሣጥን ወደ ሆስፒታል ተላከ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሊኒካችን ከቤት የመጣ ጠርሙስ አልተቀበለም፤ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ሽማግሌ፣ ኩባያውን ይዞ ወደ ጓሮ ሆነ። ብዙ ተጉረመረመብን።

ሐጂው ቃላቸውን ጠበቁ። ረመዳንን ሙሉውን ጾሙ፤ ማታ ማታ ቤት ውስጥ፣ በር ተቀርቅሮ፣ ቡላ በቅቤ ይበሉ ነበር። ሰው ድንገት ካንኳኳ ሳህኑ አልጋ ሥር ይገባል፣ የጎመኑ ወጭት ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ቅቤው ጢማቸው ላይ ቀርቶ አማ በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ በሩን ሲከፍቱ አይቻለሁ። ትከሻቸው ተመልሶ ኮቱን ሞላው፤ ሰውም የዶክተሩን ጥበብ አደነቀ። አደባባይ ሲወጡ ግን ሐጂው ሕመምተኛ ናቸው። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ አስተናጋጇ ስኳር ይዛ ስትመጣ መዳፋቸውን ሲኒው ላይ ይከድናሉ። ጣፋጭ ይወዱ እንደነበር አውቃለሁ፤ ዓይናቸው ማንኪያውን ተከትሎ ወደ ጎረቤት ሲኒ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የገበያው ቀልድም ቀጠለ፣ እሳቸውም ይስቁለታል። አማ እንደዚያ ያለ ቦታ አብረው ካሉ የራሳቸውንም ሻይ ያለ ስኳር ይጠጡ ነበር። ስለ ማሩ በዚያ ቤት ዳግመኛ ሲነሳ አልሰማሁም።

እኔ በኋላ ወደ ዱራሜ ተዛወርኩ፣ እዚያው አገባሁ፣ ወለድኩ። ደርግም ወደቀ። ሐጂው የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሳል ጀመራቸው፣ ሳንባቸው ላይ ወረደና ሳይከርሙ ሄዱ። በወሬ ሰምቼ ስደርስ ተቀብረዋል። ሴቶቹ የተሰበሰቡበት ክፍል ገብቼ አማን አቅፌ አለቀስኩ፤ ከአጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ቦታ ሰጡኝ። እጃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ቀሏል።

ሻይ ሲዞር ከሴቶቹ አንዷ፣ የሟችን ሲኒ ያስታወሰች ይመስለኛል፣ አይ ስኳር፣ ያን የመሰለ ሰው በላ አለች። ሌላዋ፣ ስንት ዓመት ታገሉት፣ አንዲት ማንኪያ ሳይቀምሱ አለፉ ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ሁሉም አዎ አዎ አሉ። እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ ያላየሁትን ውጤት ጽፌ አላውቅም። ስኳር ኖሮባቸው አያውቅም ልል አፌን ስከፍት አማ ክንዴን ያዙኝ። በጆሮዬ፣ ቀስ ብለው፣ በዚያ በተዋስነው አማርኛ፣

«ተይ ልጄ» አሉኝ፤ «እሱ ለእኔ ብሎ የታመመውን አንቺ አታድኚው።»

እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ምን ገደላቸው ላለኝ ሰው ሁሉ ስኳር ነው እያልኩ መለስኩ።